አራት ቤት፣ አራት ካንዴላ

በአራዳ ምድር ከእኔ የሚበልጥ የመኪና ካንዴላ ቀያሪ አልተወለደም። ይህን ስል ማንም ቅር አይበለው፤ ጋራዥ ከፍተው የሚኖሩትንም፣ ሙያውን ከጣልያን እጅ ተማርን የሚሉትንም ቆጥሬ ነው። ዓይኔን በጨርቅ ታስሬ፣ አንድ እጄን ኪሴ ከትቼ፣ ያዘዝኩት ማኪያቶ ሳይቀዘቅዝ አራት ነቅዬ አራት እተክላለሁ። ይህን ነገር ፒያሳ ውስጥ ባንኮኒ ባለበት ሁሉ ተደግፌ ተናግሬዋለሁ። የሰማኝም ሰው፣ ወሬዬን ለማሳጠር ይሁን ከልቡ፣ «እሱስ እውነት ነው» ሲለኝ ኖሯል።

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ይህንኑ ለአንድ አዲስ የቢሮ ባልደረባዬ ገና እያሟሟቅሁለት ሳለ ስልኬ ጮኸ። የድሮ ጎረቤቴ ሰዓዳ ነበረች።

«ካሳሁን፣ የት ነህ?»

«ቢሮ ነኝ። ምነው በጠዋቱ?»

«ጋሽ አበራ…» አለችና ዝም አለች።

ሰዓዳ ዝም የምትል ሴት አይደለችም። ጥርሷን ስታስነቅል እንኳ ሐኪሙን ስታዋራው ነበር ይባላል። ዝም ስትል የቀረውን መስማት አላስፈለገኝም።

ስልኩን ዘጋሁ። ባልደረባዬ «እሺ፣ አራት ነቅለህ አራት ስትተክል፣ ከዚያስ?» አለኝ። ከዚያስ የሚባል ነገር የለም። በሕይወቴ የተከልኩት ሦስተኛውን ካንዴላ ብቻ ነው። አንደኛውን፣ ሁለተኛውንና አራተኛውን እንድነካ አልተፈቀደልኝም። ያልፈቀዱልኝ ደግሞ ጋሽ አበራ ናቸው።

ጋሽ አበራ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ አንድ ወንበርና አንድ መስታወት በያዘች ክፍል ፀጉር ያስተካክሉ ነበር። ክፍሏ ከመጥበቧ የተነሳ ወፈር ያለ ደንበኛ የመጣ ቀን እሳቸው ውጭ ቆመው በመስኮት ነበር የሚላጩት። ቁመታቸው ዘለግ ያለ፣ ጣታቸው ቀጭን፣ ኮታቸው በጋም ክረምትም ያው ጥቁሩ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲናገሩ የሰማ የለም። ነገር ሲያስቃቸው በአፍንጫቸው አንዲት አጭር ትንፋሽ ይለቃሉ፤ ሳቃቸው በቃ ያቺ ናት። እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያቺን ትንፋሽ ለማግኘት ስለፋ ኖሬአለሁ። መንግሥት ለዚህ ደመወዝ ቢቆርጥ ኖሮ ዛሬ ጡረታዬ ቤት ያሠራ ነበር።

ግቢያችን ከምኒልክ አደባባይ ቁልቁል ወረድ ብሎ በአንድ የቆርቆሮ በር የሚገባበት፣ አራት ቤት የተፋፈገበት ነበር። አንደኛው የጋሽ አበራና የባለቤታቸው የእትዬ አስካለ። ሁለተኛው የሰዓዳ፤ አባቷ ከወሎ መጥተው ጨርቅ ሲነግዱ ያረጁበት ቤት ነው። ሦስተኛው የኛ። አራተኛው ታሪክ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡት የመምህር ደጀኔ። መሐል ላይ ደግሞ ሰማያዊዋ ሰይቼንቶ ትቆማለች። ሰይቼንቶ ከድሮዎቹ ትንንሽ የጣልያን መኪናዎች አንዷ ናት፤ ሞተሯ ከኋላ ነው። ትንሽነቷ ዝናብ ሲመጣ ከተሰጣው ልብስ ጋር አንስተው ቤት የሚያስገቧት ይመስል ነበር። በስም የጋሽ አበራ ትሁን እንጂ የግቢው ሁሉ ነበረች። ምጥ የያዛትን ያደረሰች፣ ሙሽራ ያመጣች፣ የሰዓዳን አባት ከነምርኩዛቸው መስጊድ ያመላለሰች እሷ ናት።

በዚያን ዘመን ጋሽ አበራ ካንዴላ ለማንም አያስነኩም ነበር። እሁድ ደጃፋቸው ላይ ጋዜጣ ዘርግተው፣ የላጩበትን ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ ብቻቸውን ነቅለው ብቻቸውን ይተክላሉ። እኛ ቆመን እናያለን። እኔ ቆሜ አስተያየት እሰጣለሁ።

አንድ እሁድ አራቱንም ነቅለው ጋዜጣው ላይ ባስቀመጡበት ሰዓት እትዬ አስካለ ማድ ቤት ውስጥ ወደቁ።

ያን ቀን ሁላችንም ነበርን። ሁላችንም አዋቂዎች ነበርን። አንዱ ካንዴላ ያቀብላል፣ ሌላው ያጠብቃል፣ ሌላው ገመድ ይሰካል። ጋሽ አበራ አንዴ ወደ ሚስታቸው አንዴ ወደ ሞተሩ ይላሉ። በዚህ መሐል ገመዶቹ ተምታቱ፤ የአንዱ ለሌላው ተሰካ። ሰይቼንቶዋ ስትቀሰቀስ እንደ ርችት ተኮሰች፣ ከላይ እስከ ታች ተንቀጠቀጠች፣ ቆመች። ደግመን ሞከርን፤ ደግማ ተኮሰች። በመጨረሻ እትዬ አስካለን በብርድ ልብስ አቅፈን ታክሲ ፍለጋ ወደ ዋናው መንገድ ወጣን።

ሐኪሙ «ቀድማችሁ ብትደርሱም ያው ነበር» አለን። ጋሽ አበራ እጅ ነስተው አመሰገኑት። ያመኑት ግን አይመስለኝም።

ሐዘኑ ሲያበቃ መኪናዋን ይሸጧታል ብለን ጠብቀን ነበር። እሳቸው ግን አንድ ጠዋት የአራቱን ቤት ሰው ጠርተው ሞተሩ አጠገብ አቆሙን።

«ያን ቀን እጅ ሞልቶ ነበር» አሉ። «የትኛው ገመድ የየትኛው እንደሆነ የሚያውቅ ግን አልነበረም። እኔም ጠፍቶኝ ነበር። ካሁን በኋላ አንድ ቤት አንድ ካንዴላና አንድ ገመድ ያውቃል። የጎረቤቱን አይነካም።»

እኔ ዝም ማለት አልችልም። «ጋሽ አበራ፣ እኔ ቤት ባልኖርስ?»

«ባለቤትህ ታውቃለች።»

«እሷም ባትኖር?»

«ልጆችህ።»

«ማናችንም በሰፈሩ ባንኖርስ?»

አዩኝ። «ያን ጊዜማ ሰፈሩም የለም ማለት ነው» አሉ።

በአፍንጫቸው ትንፋሽ አልወጣም። እኔም ያን ቀን አልሳቅሁም።

ከዚያ ወዲህ ክረምቱ ወጥቶ መስቀል ሳይደርስ ባለችው እሁድ ካንዴላ የምንቀይርበት ቀን ሆነ። ሰዓዳ ጀበና ትታ እጇን በሳሙና ታጥባ ትወጣለች። መምህር ደጀኔ ሁለት መነጽር ይዘው ይመጣሉ፤ አንዱ ለቅርብ፣ አንዱ ለጋሽ አበራ ፊት። እኔ ወሬ ይዤ እመጣለሁ። ጋሽ አበራ አዲሶቹን ካንዴላዎች ከፎጣቸው ውስጥ አውጥተው የየካንዴላውን አፍ ክፍተት ይለካሉ። የሚለኩት የጢም ምላጮች ደራርበው በክፍተቱ ውስጥ በማሳለፍ ነው። ምላጩ ሲያልፍ ጆሯቸውን ጣል አድርገው ይሰማሉ። ምን እንደሚሰሙ እግዜር ይወቅ። ከዚያ ለየቤቱ ያድላሉ።

«ገመዱን አንገቱን ይዘህ ንቀል። ጅራቱን ስትጎትት ባይህ አንተንም በጅራትህ ነው የማወጣህ።»

«ከመንቀልህ በፊት ዙሪያውን እፍ በልበት። አቧራው ውስጥ ከገባ እንግዳ አይደለም፤ ነዋሪ ነው።»

ከሁሉም በላይ ቁልፍ ቶሎ እንድናነሳ አይወዱም ነበር። አዲሱ ካንዴላ መጀመሪያ በጣት ነው የሚገባው፤ ጥርስ ከጥርስ መግጠሙ በጣት ይታወቃል። ጣት እምቢ ካለ ነቅለህ እንደገና ትጀምራለህ። በቁልፍ አስገድዶ ያስገባ ሰው የሞተሩን ጥርስ ያበላሻል። «በጣት» ይላሉ፣ ደንበኛ አገጭ እንደያዙ ሁሉ ቀስ ብለው። «በጣት፣ በጣት። የት ልትሄድ ነው የምትቸኩለው?»

የወጡት አሮጌዎች ደግሞ ይነበባሉ። ጋሽ አበራ አንድ በአንድ ወደ ብርሃን ያነሷቸዋል።

«የሰዓዳ ቡናማ ነው። ጤነኛ።»

ሰዓዳ ትኮራለች። ለሳምንት ያህል አትቻልም።

«የመምህር ነጣ ብሏል። ይሞቃል። ጋዜጣ ይቀንሱ፣ መምህር።»

የእኔ ሁልጊዜ ጥቁር ነው፤ ጥላሸት የተቀባ። ቤንዚን ሳይነድ ሲቀር እንዲያ ያደርጋል ይላሉ አዋቂዎች። ጋሽ አበራ ግን አሽትተውት፣ «ወሬ ነው» አሉኝ አንድ ዓመት። «ሳይነድ የቀረ ወሬ።» ያን ቀን የሳቁት እኔ ሳልሆን እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ ትንፋሿ ሁለት ጊዜ ወጣች። በራሳቸው ቀልድ። እኔ ስንት ዓመት ስለፋ።

እንዲህ ሲሉኝ ጨካኝ ይመስላሉ። አንድ ቀን ግን ፒያሳ ባንኮኒ ተደግፌ ስፎክር አንዱ ያዘኝ። እኔ ከካንዴላው አልፌ፣ ሰይቼንቶዋን ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ እስከ ቸርችል ጎዳና መጨረሻ በአንድ እጅ እንደማንደረድራት እየተረክሁ ነበር። ሰውየው ወደ ጥግ ዞሮ ጋሽ አበራን ጠየቃቸው። እዚያ መቀመጣቸውን አላየሁም ነበር።

«ጋሽ አበራ፣ ይሄ ሰውዬ እውነቱን ነው? መኪናዎን ይነዳታል?»

ጋሽ አበራ ማኪያቷቸውን አስቀመጡ። ወደ እኔ ሳያዩ፣ «እሱ ከጎኔ ካልተቀመጠ እኔ መንገዱ አይታየኝም» አሉ።

ሰውየው እንደ አዎ ወሰደው። እኔም እንደ አዎ ወሰድኩት። ስንወጣ ላመሰግናቸው አፌን ስከፍት፣ «አፍህን ዝጋና በሩን ክፈት» አሉኝ። በሩን ከፈትኩ። ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ዕድሜ ልኬን የተቀመጥኩበት ቦታ ያ ነው።

ከዚያ ሰፈሩ ሊፈርስ ነው ተባለ። መጀመሪያ ወሬ ነበር፤ ወሬ ደግሞ የእኔ ሥራ ስለሆነ አልደነገጥኩም። ቀጥሎ የቆርቆሮ በራችን ላይ ቀይ ምልክት ተቀባ። አራቱ ቤት አራት ቦታ ደረሰው፤ ሰዓዳ በከተማው አንድ ጫፍ ኮንዶሚኒየም፣ ጋሽ አበራ በሌላው ጫፍ፣ መምህር ደጀኔ ሴት ልጃቸው ዘንድ፣ እኛ ኪራይ ቤት። ከአንዳችን ወደ ሌላችን ለመድረስ ስንቅ ያስፈልግ ነበር፤ ፓስፖርት አለመጠየቃችን ብቻ ይገርመኛል።

ዕቃ በሚጫንበት ቀን ቁራሌው ግቢ ገባ። ጣራ እየተነቀለ ስለነበር ቆርቆሮ ሊገዛ ነው የመጣው። ሰይቼንቶዋን ሲያይ ዓይኑ በራ።

«አባባ፣ እዚሁ ቆራርጬ ልውሰድልዎ። ጭነት ይቀልልዎታል።»

«ፀጉርህን እዚሁ ቆራርጬ ልውሰድልህ?» አሉት ጋሽ አበራ።

«አባባ፣ አርጅታለች እኮ። እየተገፋች ከምትወጣ…»

«በእግሯ ነው የምትወጣው።» ድምፃቸው እንደ ወትሮው ዝቅ ያለ ነበር፤ ቁራሌው ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «አንድ ቀን ፈልጌያት አልወጣችም። ሁለተኛ አይሆንም።»

የእሁዳችን ቀን አልነበረም። ቢሆንም የአራቱ ቤት ሰው ዕቃውን መሬት ላይ ትቶ በሞተሩ ዙሪያ ቆመ። ሰዓዳ ሁለተኛውን፣ እኔ ሦስተኛውን፣ መምህር አራተኛውን፣ እሳቸው አንደኛውን። በጣት፣ በጣት። ከጀርባችን ግድግዳ ሲወድቅ ይሰማል። ማናችንም አልዞርንም። ሰይቼንቶዋ ተነሳች፤ አንዴ እንኳ ሳትተኩስ በቆርቆሮው በር ወጣች።

እኔ ከጎናቸው ነበርኩ። ምኒልክ አደባባይ ስንደርስ ዞሩ። እንደገና ዞሩ። ባቡሩ መጣ፣ አለፈ፤ እኛ እንዞራለን።

«ጋሽ አበራ፣ መንገዱ ጠፋብን እንዴ?»

«አልጠፋም።»

«ታዲያ?»

«ከወጣሁ ምን ብዬ እመለሳለሁ ብዬ ነው» አሉ። እንደገና ሲዞሩ ደግሞ፣ «ካሳሁን፣ እኔ በሞት ከቀደምኳት ይቺ መኪና ስትወጣ እንዲህ ነው የምትወጣው። እየተገፋች እንዳትወጣ። ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«ቀልድ አይደለም።»

«ሰማሁ አልኩ እኮ፣ ጋሽ አበራ።»

ከዚያ ቸርችል ጎዳናን ወረድን።

በኮንዶሚኒየሙም ቢሆን እሁዳችን አልቀረም። አውቶቡስና ታክሲ እየቀያየርን እንደርሳለን። አዲሶቹ ጎረቤቶቻቸው በሰገነት ቆመው አንዲት ሚጢጢ መኪና ከበው አራት ትልልቅ ሰዎች ሲያጎነብሱ ያያሉ፤ ጸሎት የሚያደርሱ ይመስላቸው ነበር አሉ። ጋሽ አበራ እዚያ ፀጉር የሚያስተካክሉለት ሰው አልነበራቸውም። ከጠዋት እስከ ማታ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጠው ወደ በሩ ያያሉ። ዘንድሮ ሳል ጠንክሮባቸው ነበር፤ ሆኖም ደውለው፣ «እሁድ ኑ። አሮጌዎቹን አውጥቼ አዲሶቹን ለክቼ አስቀምጫለሁ» ብለውን ነበር። እሁድ ሳይደርስ ሐሙስ ሆነ።

ስደርስ ለቀስተኛው ግቢው ውስጥ ቆሟል። የእድሩ ሰዎች የድንኳን ብረት አውርደዋል፤ ድንኳኑ የሚተከልበት ሜዳ ግን አንድ ብቻ ነው፤ እዚያ ላይ ሰይቼንቶዋ ቆማለች።

«ጥቂት ሰው ብንሆን ገፋ አድርገን ጥግ እናስይዛታለን» አለ የእድሩ ዳኛ፣ በትሕትና።

«አትገፋም» አለች ሰዓዳ። ዓይኗ አብጧል።

«እህቴ፣ አስከሬን ቤት ውስጥ ነው። ሰው ፀሐይ ላይ ቆሟል።»

«አውቃለሁ። አትገፋም። በእግሯ ትወጣለች።» ወደ እኔ ዞረች። «ነግረውህ የለ?»

«ነግረውኛል» አልኩ።

መምህር ደጀኔ ቤት ገብተው ፎጣውን ይዘው ወጡ። አራቱ አዲስ ካንዴላዎች በውስጡ ነበሩ፤ አፋቸው ተለክቶ አልቋል፣ የተለኩበት ምላጮች አብረው ተጠቅልለዋል። ኮቴን አወለቅሁ። ሰዓዳ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። ሁለተኛው ገባ። ሦስተኛው ገባ። አራተኛው መምህር መነጽራቸውን እስኪቀይሩ ቆይቶ ገባ፤ ማንም አልረዳቸውም፣ የሌላ ሰው ስለማይነካ። ከዚያ ሦስታችንም አንደኛዋን ቀዳዳ እያየን ቆምን።

«የሳቸው ናት» አሉ መምህር።

ማንም እጁን አልዘረጋም። ለቀስተኛው ያየናል። በመጨረሻ ሰዓዳ ካንዴላዋን አንስታ በጣቷ አንድ ዙር አዞረችና ለእኔ ለቀቀችልኝ። እኔ አንድ ዙር አዞርኩ። መምህር አንድ ዙር። እንደዚያ እየተቀባበልን አስገባናት። የቀረ ገመድ አንድ ብቻ ነበር፤ ልትሳሳት ብትፈልግ እንኳ የምትሳሳትበት ቦታ የለም። ይህን ያሰቡት ሰው ከፎቅ ላይ ተጋድመዋል።

ባትሪዋ ደክሞ ስለነበር አንዲት ጎረቤት የራሷን መኪና አስጠግታ ከባትሪዋ በገመድ ኃይል አቀበለችን። ሰዓዳ የሹፌሩን በር ከፍታ ቁልፉን ሰጠችኝ። ገብቼ ተቀመጥኩ። ወንበሩ የሳቸውን ጀርባ ቅርጽ ይዟል። ቁልፉን አዞርኩ። አንዴ አቃሰተች፣ ከዚያ ተነሳች፤ አራቱም እኩል፣ ለስላሳ። ያን ድምፅ ሲሰሙ መምህር ደጀኔ በፎጣው ፊታቸውን ሸፈኑ፤ ሴቶቹ እንደ አዲስ ማልቀስ ጀመሩ።

«በል አውጣት» አለች ሰዓዳ።

ወደ ታች አየሁ። ከእግሬ ሥር ፔዳሎች አሉ።

«ምነው? ፍሬኑ ያዘ እንዴ?»

ፍሬኑ ያዘ ማለት እችል ነበር። ወገቤን አመመኝ፣ ዕንባዬ ጋረደኝ፣ መነጽሬን ረሳሁ፤ ለዚህ የሚሆን ሰበብ በኪሴ ሞልቶ ነበር። ወደ ጎኔ ስዞር ግን «እሱ ከጎኔ ካልተቀመጠ» የሚል ሰው አልነበረም። ባዶ ወንበር ነው። የእኔ ወንበር።

ወረድኩ። ባትሪ ያቀበለችን ጎረቤት በመሪው በኩል እንድትገባ ለመንኳት። እሷ ነዳቻት፤ ቀስ ብላ፣ ሳትተኩስ፣ ማንም ሳይገፋት፣ በለቀስተኛው መሐል እስከ ትልቁ በር። ሰይቼንቶዋ በእግሯ ወጣች። እኔ ከመንቀሳቀሷ በፊት በወዲያኛው በኩል ዞሬ የለመድኩትን በር ከፍቼ ነበር የገባሁት፤ ከኋላችን የድንኳኑ ብረት ሲተከል ይሰማኛል።

ዕድሜዬ ከሃምሳ አልፏል። መኪና መንዳት አልችልም። ሞክሬም አላውቅም።